መቼቱ መጽሐፍ መደብር በሆነ፣ ነገር ግን ቅር ባሰኘ የወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ ላይ ሂስ አጻጻፍ

መቼቱን መጽሐፍ መደብር ያደረገ የወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ ገና ሽፋኑ ሲታይ ብዙ ነገር ያስጠብቃል። መጽሐፍ የሚወድ አንባቢ፣ መጽሐፍ በሚወዱ ሁለት ወጣቶች መካከል የሚበቅል ፍቅር ሲቀርብለት ከሌላው ልብ ወለድ ይልቅ በበለጠ ጉጉት ይጀምረዋል፤ መጽሐፉ ሳይሳካ ሲቀርም ቅሬታው ከተራ መሰላቸት ያልፋል። ቅሬታው ለሂስ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሂስ ለመሆን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። «አልወደድኩትም» ከሚለው ስሜት ተነሥቶ፣ መጽሐፉ የት ቦታ ላይና በምን ምክንያት እንደከሸፈ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ማሳየት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የዚህ ዓይነት ልብ ወለዶች የሚከሽፉበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፦ መደብሩ ፍቅሩን አይነካውም፣ ፍቅሩም መደብሩን አይነካውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቆዩና ታሪኩ ያልቃል። ስለዚህ ሐያሲው ዋና ጉልበቱን ሊያውል የሚገባው ይህን ግንኙነት በመመርመር ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ምክሮችም በአብዛኛው ወደዚያ የሚያመሩ ናቸው።

መጽሐፉ የገባው ቃል

አሜሪካዊው ደራሲ ጆን አፕዳይክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የድርሰቶቹ ስብስብ መቅድም ላይ ሐያሲ ሊከተላቸው የሚገቡ ጥቂት ደንቦችን አስፍሯል። የመጀመሪያው ደንብ ደራሲው ሊሠራ የፈለገውን ለመረዳት መሞከር፣ ያልሞከረውንም ነገር አላሳካህም ብሎ አለመውቀስ ነው። ቅር ያሰኘንን መጽሐፍ ስንሄስ ከሁሉ ቀድመን የምንረሳው ይህንኑ ደንብ ነው፤ የተበሳጨ አንባቢ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ትቶ፣ ሊያነብ ይመኘው የነበረውን ሌላ መጽሐፍ መመዘኛ ያደርጋልና።

የፍቅር ልብ ወለድ እንደ ዘርፍ ለአንባቢው ሁለት ነገሮችን ቃል ይገባል፤ የታሪኩ ማዕከል የሁለት ሰዎች ፍቅር ይሆናል፣ ፍጻሜውም ተስፋ የሚሰጥና ልብ የሚያሳርፍ ይሆናል። ስለዚህ «ሁለቱ በመጨረሻ እንደሚገናኙ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታወቃል» ብሎ መንቀፍ አንዱን መጽሐፍ ትቶ ዘርፉን በሙሉ መንቀፍ ነው። ተገቢው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መገናኘታቸውን ብናውቅም እንኳ፣ ላይገናኙ ይችላሉ ብለን ለአንድ አፍታ እንድንሰጋ መጽሐፉ አድርጎናል ወይ? ይህን ካላደረገ የከሸፈው ነገር ፍጻሜው ሳይሆን ወደዚያ ያደረሰው ግጭት ነው፤ ሂሱም በዚያው ላይ ማተኮር አለበት።

የወጣቶች መጽሐፍ መሆኑም መመዘን ያለበት በራሱ ልማድ ነው። ዘርፉ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው አንባቢዎች የሚዘጋጅ ነው፤ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በዚህ ዕድሜ ላሉ አንባቢዎች የሚሠሩ ባለሙያዎቹን ራሱን በቻለ ክፍል ያደራጀው እ.ኤ.አ. በ1957 ስለነበር፣ ከኋላው የብዙ አሥርት ዓመታት ልምድ አለው። ተራኪዋ የ17 ዓመት ልጅ ሆና በችኮላ መወሰኗ፣ ትንሹን ነገር ማግነኗ፣ ዓለም በእርሷ ዙሪያ ብቻ የሚዞር መምሰሉ የዕድሜዋ እውነት እንጂ የድርሰቱ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው ደራሲው ይህን ችኮላ ልጅቷ በቆመችበት ቦታ ብቻ ቆሞ ሲያየው፣ ወይም በተቃራኒው ልጅቷን በአንድ ምዕራፍ እንደ ልጅ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ሁለት ትዳር እንዳሳለፈች ሴት ሲያናግራት ነው።

የመጽሐፉን ቃል ለመለየት ርእሱን፣ የጀርባ ሽፋኑን ጽሑፍና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማየት ይበቃል። ሆኖም የጀርባ ሽፋኑን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጀው አሳታሚው በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ስለተጋነነው ነገር ደራሲውን ተጠያቂ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ከዚያም «ይህ መጽሐፍ የሚያሳየኝ እንዲህ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በማስታወሻ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ በሂሱ ውስጥ ባይገባም እንኳ ሐያሲው ከጉዳዩ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ንባብ

መጽሐፉን በሙሉ ደግሞ ማንበብ ግድ አይደለም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ሁለቱ የተገናኙበትን ትዕይንት፣ የተጣሉበትን ምዕራፍና የመጨረሻዎቹን ገጾች በእርጋታ መድገም ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ልባችን ከመጽሐፉ የራቀበትን ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል። አንባቢ ከመጽሐፍ ጋር የሚቆራረጥበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል፤ ስንት ገጽ እንደቀረ መቁጠር የተጀመረበት ቦታ እርሱ ነው። ምክንያቱ ግን ከዚያ ገጽ ሃያ ወይም ሠላሳ ገጽ ቀደም ብሎ ስለሚገኝ ወደኋላ ተመልሶ መፈለግ ይጠቅማል። የገጽ ቁጥር ሳይያዝ የተጻፈ ማስታወሻ በኋላ ላይ አይረዳም።

መደብሩ እውነት መደብር ነው ወይ?

እዚህ ላይ ቀላል ፈተና አለ። በሐሳብ መጽሐፍ መደብሩን አውጥቶ በቦታው የአበባ መሸጫ ወይም ዳቦ ቤት ማስገባት፣ ከዚያም ስንት ትዕይንት እንደሚለወጥ መቁጠር ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት፣ የሚጣሉበትና የሚታረቁበት ትዕይንት አንድም ቃል ሳይለወጥ በአበባ መሸጫው ውስጥ መካሄድ የሚችል ከሆነ፣ መደብሩ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥዕል የበለጠ ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። ይህ ግኝት ለሂስ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም «መቼቱ አልጎላም» ከሚለው የተለመደ አባባል ይልቅ አንባቢው ራሱ ሊፈትነው የሚችል ማስረጃ ያቀርብለታል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሥራው ነው። በመጽሐፍ መደብር ውስጥ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አይውልም። ካርቶን ይቀበላል፣ የመጣውን ከደረሰኙ ጋር ያመሳክራል፣ ባርኮድ ያነብባል፣ መደርደሪያ ላይ ያስተካክላል፣ የትኛው መጽሐፍ ፊቱን ለገዢ ሰጥቶ እንደሚቆም፣ የትኛው ደግሞ ጠርዙ ብቻ እየታየ ከሌሎች ጋር እንደሚታጨቅ ይወስናል፤ ያልተሸጠውን መልሶ ለአሳታሚው ወይም ለአከፋፋዩ ያሽጋል። ከእነዚህ እያንዳንዱ ለፍቅር ታሪክ የሚሆን ነገር አለው። አንዲት ልጅ የምትወደውን ደራሲ መጽሐፍ ማንም ስላልገዛው በገዛ እጇ ወደ ካርቶን መልሳ ስታሽግ፣ ልጁ ደግሞ ከካርቶኑ ውስጥ አንዱን ቅጂ ሳይናገር አውጥቶ ፊቱን ለገዢ ሰጥቶ ሲያቆመው ማየት፣ ሦስት ገጽ የፍቅር መግለጫ ከሚሠራው ሥራ የበለጠ ይሠራል። ልብ ወለዱ እንዲህ ያለ ዕድል በየምዕራፉ እያለው አልፎት ከሆነ ሐያሲው አንዱን መርጦ ማሳየት ይችላል።

የሥራው ዝርዝር ሴራውን (የታሪኩን የድርጊት ሰንሰለት) በሚሸከምበት ጊዜ ትክክለኛነቱን ማጣራት የሐያሲው ኃላፊነት ነው። ለምሳሌ በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ መጽሐፍ ፍለጋ በተደጋጋሚ ይመጣል። አንድን የመጽሐፍ እትም ከሌላው የሚለየው ዓለም አቀፍ መደበኛ የመጽሐፍ ቁጥር (ISBN) እንደ ደረጃ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቁጥሩ 13 አኃዝ ያለው፣ በ978 ወይም በ979 የሚጀምር ሆኗል። እንግዲህ በቅርቡ በታወቀ አሳታሚ የታተመና ባርኮድ ያለው መጽሐፍ ማን እንደጻፈውና ማን እንዳሳተመው ለማወቅ ሁለት ወጣቶች ከተማ ለከተማ ቢንከራተቱ አንባቢው አያምናቸውም፤ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ይበቃቸው ነበር። መጽሐፉ ከ1970 ብዙ ቀደም ብሎ የታተመ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ፍለጋ ተአማኒ ይሆን ነበር። ሐያሲው ጉድለቱን ብቻ ተናግሮ ከማለፍ ይልቅ፣ በቀላሉ ሊታረም የሚችል እንደነበር ማሳየቱ ለደራሲውም ለአንባቢውም ፍትሐዊ ነው።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚፈትነው ሊዘጋ የተቃረበው መደብር ነው። ዕዳ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ሕንፃውን ሊገዛ የመጣ ሀብታም አለ፤ ከዚያም በአንድ የግጥም ምሽት ሁሉም ነገር ይፈታል። ይህን «የማይመስል ነገር» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ሒሳቡን መሥራት ይሻላል። በብዙ አገሮች የአዳዲስ መጻሕፍት ንግድ ውስጥ መደብሩ መጽሐፉን የሚረከበው ከሽፋን ዋጋው ላይ ቅናሽ ተደርጎለት ሲሆን፣ ቅናሹ ብዙ ጊዜ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ይህ ማለት መደብሩ ከዕዳው 100 ለመክፈል የሽፋን ዋጋቸው 250 የሆነ መጻሕፍት መሸጥ አለበት ማለት ነው፤ ደመወዝና መብራት ገና አልተነሡም። ልብ ወለዱ የዕዳውን መጠንና በምሽቱ የተገኘውን ሰው ብዛት ከነገረን፣ እያንዳንዱ ታዳሚ ስንት መጽሐፍ መግዛት እንደነበረበት ለማወቅ አንድ ወረቀት ይበቃል። ውጤቱ የማይሆን ነገር ከሆነ በሂሱ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ። ወጣት አንባቢ ሒሳብ አይገባውም ብሎ መገመት ለወጣቱ ንቀት ነው፤ የቤተሰቡን የገንዘብ ጭንቀት በየቀኑ የሚያይ ልጅ ዕዳ በጭብጨባ እንደማይከፈል ጠንቅቆ ያውቃል።

የመጨረሻው ፍተሻ የመጻሕፍት ፍቅር ነው። ገጸ ባሕርያቱ መጽሐፍ እንደሚወዱ ደጋግመው ይናገራሉ፤ ነገር ግን የታወቁ ርእሶችን መደርደር ማንበብን መውደድ አይደለም። ያነበቡት መጽሐፍ ከውሳኔያቸው አንዱን ለውጦታል ወይ? አንዱ የሌላውን ምርጫ የሚጠላበት፣ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚከራከሩበት ትዕይንት አለ ወይ? ልጁ ልጅቷን ከመልኳ ብቻ ገምቶ የማይሆን መጽሐፍ ያነሣላታል፣ ቆይቶ በደንብ ሲያውቃት ደግሞ ትክክለኛውን ያገኝላታል፤ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው ርቀት ፍቅሩ የተጓዘው ርቀት ነው። መጽሐፍ መደብርን መቼት ማድረግ የሚሰጠው ትልቁ ዕድል ይህ ሲሆን፣ ያልተሳኩት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ፍቅሩ የላላበት ቦታ

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 በኬምብሪጅ በሰጣቸው ትምህርቶች ላይ ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋ (በአንድ ባሕርይ ብቻ የሚታወቁ) እና ክብ (ብዙ ገጽታ ያላቸው) ብሎ ከከፈላቸው በኋላ፣ የክቡ መለያ አሳማኝ በሆነ መንገድ ሊያስገርመን መቻሉ እንደሆነ አስረድቷል። ይህ መለኪያ በፍቅር ልብ ወለድ ላይ በቀጥታ ይሠራል። መጽሐፉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ ልጁ ስለ ልጅቷ ከመልኳ ሌላ የሚያውቀውን፣ እርሷም ስለ እርሱ የምታውቀውን መዘርዘር ነው። ዝርዝሩ ዓይንና ፈገግታ ላይ ካበቃ፣ በመጀመሪያ እይታ የተያዘው ፍቅር እዚያው እይታ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በመጀመሪያ እይታ መውደድ በራሱ ነውር የለበትም፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ምንም አለመጨመሩ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ጠቡ ነው። በአንድ አጭር ንግግር ሊፈታ የሚችል አለመግባባት መቶ ገጽ ሲጎተት አንባቢ ይሰለቻል። ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው የሚጎዳውን ነገር ደፍሮ መጠየቅ እንደሚያቅተው የታወቀ ነው። ደራሲው የዝምታውን ምክንያት፣ ማለትም ፍርሃቱን ወይም ኀፍረቱን ቀደም ባሉ ምዕራፎች አሳይቶ ከሆነ ዝምታው ተገቢ ነው። ካላሳየ ግን ጠቡ የመጣው ከገጸ ባሕርያቱ ሳይሆን መጽሐፉ የተወሰነ ገጽ መሙላት ስላለበት ነው ማለት ይቻላል፤ ይህም ሊባል የሚገባው ቀደም ያሉት ምዕራፎች እንደገና ከታዩ በኋላ ነው።

በወጣቶች መጽሐፍ ላይ ፈጽሞ ሊታለፍ የማይገባው ደግሞ መጽሐፉ እንደ ፍቅር አድርጎ የሚያቀርበው ጠባይ ነው። ልጁ የልጅቷን ማስታወሻ ደብተር ሳያስፈቅድ ቢያነብና ይህ «ምን ያህል ሊያውቃት እንደፈለገ» ማሳያ ሆኖ ቢቀርብ፣ ወይም የመደብሩ ባለቤት ልጅ ሆኖ የሥራ ሰዓቷን እንደፈለገ እየቀየረ ከእርሱ ጋር እንድትውል ቢያደርግ፣ ሐያሲው በግልጽ ሊያነሣው ይገባል። እዚህ ላይ ግን የገጸ ባሕርዩን ጥፋት ከመጽሐፉ አቋም መለየት ግድ ነው። ጥፋት የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ያለው መጽሐፍ መጥፎ መጽሐፍ አይደለም፤ ጥያቄው መጽሐፉ ጥፋቱን እንደ ጥፋት ያውቀዋል ወይ የሚል ነው። ማወቁም የሚታየው ልጅቷ በምታሳየው ስሜት፣ ጓደኞቿ በሚሉት ነገርና ድርጊቱ በኋላ በሚያስከትለው ውጤት ነው።

አጃቢዎቹን ገጸ ባሕርያት በአጭሩ መመልከት ይበቃል፤ ስለ ልጁ ከመጠየቅ በቀር የራሷ ጉዳይ የሌላት የልብ ጓደኛ፣ እንዲሁም ሁለቱን ለማስታረቅ ብቻ የሚታመሙ አረጋዊ የመደብር ባለቤት በብዛት ስለሚገኙ፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣቸው።

ሂሱን መጻፍ

ከማስታወሻዎቹ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጉድለቶች ብቻ ይመረጡ። ሁሉንም መደርደር ሐያሲውን ቂመኛ ያስመስለዋል፤ ዋናው ጉድለትም በትናንሾቹ መካከል ይጠፋል። የታሪኩ ማጠቃለያ አጭር ይሁን፤ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሲሶ ባያልፍ ይመረጣል፤ ፍጻሜውም አይነገር። ፍጻሜው ራሱ የክሽፈቱ ቦታ ከሆነ፣ ምን እንደሆነ ሳይገልጹ እንዴት እንደተደረሰበት መናገር ይቻላል።

ጥቅል ፍርድ ማንንም አያሳምንም። «ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት የላቸውም፣ ታሪኩም አሰልቺ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ የትኛውም መጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል። ለማሳያ ያህል በፈጠርነው መጽሐፍ ላይ ያው ሐሳብ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «በሁለተኛው ምዕራፍ ልጅቷ ከመሰላል ስትወድቅ ልጁ ይይዛታል፤ በዘጠነኛው ደግሞ በዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዞላት ይመጣል፤ በሁለቱም ጊዜ የምናየው ክንዱንና ፈገግታውን ነው። ስለ መጻሕፍት የተነጋገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም ተራኪዋ ‹ለሰዓታት ስለ መጻሕፍት ተጨዋወትን› ብላ ዘልላዋለች። ስንጠብቀው የነበረው ግን ያ ጨዋታ ነበር።» እዚህ ላይ «አሰልቺ» የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ግን መጽሐፉ ለምን እንዳሰለቸ ገብቶታል፤ እንዲያውም የመሰላሉንና የጃንጥላውን ዓይነት ትዕይንት የሚወድ አንባቢ ከዚሁ ሂስ ተነሥቶ መጽሐፉን ለመግዛት ሊወስን ይችላል፤ ይህም የሂሱ አንድ ጥቅም ነው።

ከመጽሐፉ ቢያንስ አንድ አንቀጽ የሚያህል ጥቅስ ማስገባት አፕዳይክም የመከረው ነገር ነው፤ አንባቢው የደራሲውን ቋንቋ በራሱ ጆሮ ሰምቶ እንዲፈርድ ያስችለዋል። ጥቅሱ የመጽሐፉ አጻጻፍ ዓይነተኛ ማሳያ መሆን አለበት እንጂ ከመቶ ደኅና ዓረፍተ ነገሮች መካከል ተለቅሞ የወጣ አንድ ደካማ ዓረፍተ ነገር መሆን የለበትም። ሐያሲው የያዘው ከኅትመት በፊት ለግምገማ የሚሰጥ ቅጂ ከሆነ፣ ጥቅሱ ከታተመው መጽሐፍ ጋር መመሳከር ይኖርበታል፤ የመጨረሻው እርማት ገና አልገባበትምና። መጽሐፉ ትርጉም ከሆነ ደግሞ የቋንቋውን ሻካራነት ለደራሲው ማስረከብ አይገባም፤ የሴራና የገጸ ባሕርይ ጉድለት ግን አብዛኛውን ጊዜ የደራሲው ነው። መጽሐፉን ያልጨረሰ ሐያሲ እስከ ስንተኛው ገጽ እንዳነበበ በግልጽ ይናገር።

የተሳካውን ነገር መጻፍም የሂሱ ግዴታ ነው፤ ይህም ነቀፌታውን ለማለዘብ ተብሎ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ባልተሳካ መጽሐፍ ውስጥም በደንብ የተጻፈ አንድ ምልልስ፣ ወይም ከቦታዋ ሳትወጣ የተሣለች አንዲት ታናሽ እኅት ትገኛለች። አፕዳይክ በዚያው ጽሑፉ፣ መጽሐፉ ጎድሏል ብለን ስንፈርድ ጉድለቱ የደራሲው እንጂ የእኛ አለመሆኑን እርግጠኞች ነን ወይ ብለን እንድንጠይቅ ያሳስባል። ይህን ጥያቄ ሐያሲው የሂሱን የመጨረሻ አንቀጽ ከመጻፉ በፊት በቅንነት ቢመልሰው፣ አንዳንዱ ነቀፌታ «ለእኔ ዓይነቱ አንባቢ አልተጻፈም» ወደሚል ልከኛ ቃል ይለወጣል፤ የቀረው ነቀፌታ ደግሞ በበለጠ እርግጠኝነት ይቆማል።

ከመውጣቱ በፊት

ጽሑፉ አንድ ሌሊት ከአደረ በኋላ በሌላ ዓይን ይነበብ። ስለ ደራሲው ሰብእና፣ ዕድሜ ወይም ሐሳብ የተጻፈ ግምት ካለ ይውጣ፤ «ደራሲዋ ለገንዘብ ብላ የጻፈችው ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስረጃ የሌለው ክስ ነው። ይህን መጽሐፍ ወድደው ያነበቡ ወጣቶችን የሚያሳንስ አነጋገርም እንዲሁ ይሰረዝ፤ ብዙ ሰው ወደ ንባብ የገባው ሌሎች በናቁት መጽሐፍ በኩል ነው። የገጸ ባሕርያት ስሞች፣ የምዕራፍና የገጽ ቁጥሮች፣ እንዲሁም ጥቅሶች አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ጋር ይመሳከሩ፤ ሐያሲው የልጁን ስም ከሳተ ቀሪውን ፍርዱን የሚያምነው አይኖርም።

ሂሱ ከወጣ በኋላ አንባቢ የፍሬ ነገር ስሕተት ቢያመለክት ወዲያው ታርሞ፣ መታረሙ በጽሑፉ ግርጌ ይገለጽ፤ በፍርዱ የማይስማማ አንባቢ ቢከራከር ደግሞ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ የትኛውን ትዕይንት ይዞ እንደሚከራከር ጠይቆ ያንን ገጽ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል።